ሉዊ ኒኮላ ቮክላንና የኤመራልድ አረንጓዴ ቀለም

ኤመራልድ አረንጓዴ፣ ሩቢ ቀይ ነው። ሁለቱም ፍጹም ንጹሕ ሆነው ቢፈጠሩ ኖሮ ቀለም የለሽ፣ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፉ ክሪስታሎች ይሆኑ ነበር። ቀለማቸውን ያገኙት በሚፈጠሩበት ጊዜ በጥቂቱ ከገባባቸው እንግዳ ንጥረ ነገር ነው፤ ያ እንግዳ ደግሞ በሁለቱም ውስጥ አንድና ያው፣ ክሮሚየም ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ ክሮሚየም የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ንጥረ ነገሩን ያገኘውም፣ ኤመራልድን አረንጓዴ የሚያደርገው እርሱ መሆኑን ያሳየውም ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ነው። ያገኘው መልስ ትክክል ነበር፤ መልሱን ያስረዳበት መንገድ ግን በከፊል ስሕተት ነበር። ይህ ጽሑፍ መልሱንና ስሕተቱን ከሰውዬው ሕይወት ጋር አያይዞ ይመለከታል (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ቮክላን በ1763 በሰሜናዊ ፈረንሳይ በኖርማንዲ፣ ሳንት አንድሬ ዴቤርቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ወላጆቹ በባለርስት መሬት ላይ የሚሠሩ ድኾች ነበሩ። ፊደል የቆጠረው በመንደሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ መማር ለገበሬ ልጅ የሚታሰብ አልነበረም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩዋን ከተማ ሄዶ በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ዕቃ ማጠብ፣ እሳት ማንደድና ቤተ ሙከራውን ማጽዳት ነበር። መድኃኒት ቀማሚው ለሚያሠለጥናቸው ወጣቶች ትምህርት ሲሰጥ ልጁ ሥራውን እየሠራ ያዳምጥ፣ የሰማውንም በድብቅ በማስታወሻ ይይዝ ነበር። አንድ ቀን ጌታው ማስታወሻውን አገኘው፤ ቀዳዶ ጣለው፤ ዳግመኛም እንዳይጽፍ አስጠነቀቀው። ልጁ ከዚያ ቤት ወጥቶ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ወደ ፓሪስ አቀና።

ፓሪስም በቀላሉ አልተቀበለችውም። ታሞ በድኾች ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ከዚያ ሲወጣም አቅም አልነበረውም። በመጨረሻ ያስጠጋው ሌላ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ የዚህ ሰው ዘመድ ደግሞ በዘመኑ ስሙ እየገነነ የነበረው ኬሚስት አንትዋን ፍራንስዋ ፉርክሯ ነው። ፉርክሯ የወጣቱን የእጅ ጥንቃቄና የዕውቀት ጥማት ተመልክቶ ወደ ራሱ ቤተ ሙከራ ወሰደው። በ1780ዎቹ የተጀመረው ይህ ግንኙነት አንደኛው እስኪሞት ድረስ አልተቋረጠም። የሁለቱ ተፈጥሮ የተለያየ ነበር። ፉርክሯ አንደበተ ርቱዕ፣ አዳራሽ የሚሞላ መምህርና የፖለቲካ ሰው ሲሆን ቮክላን ዓይናፋር፣ ንግግር የማይሆንለት፣ እጁ ግን የማይሳሳት ሠራተኛ ነበር። በሁለቱ ስም በጋራ ከታተሙት በርካታ ጥናቶች ውስጥ የምድጃውና የሚዛኑ ሥራ የማን እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። በፉርክሯ ቤት ይኖሩ የነበሩት እኅቶቹ ቮክላን በታመመ ጊዜ አስታመውታል፤ ይህን ውለታ በኋላ የከፈለው እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች ይነገራል።

የፈረንሳይ አብዮት የብዙ ሳይንቲስቶችን ሕይወት አናጋ። ላቮዋዚዬ በ1794 በጊሎቲን ተገደለ። ቮክላን በዚያው የሽብር ወቅት ከፓሪስ ርቆ በወታደራዊ መድኃኒት ቤት አገልግሏል፤ ሪፐብሊኩ ለባሩድ የሚያስፈልገውን ጨው በማሰባሰብ ሥራም ተሠማርቷል። ሲመለስ በማዕድን ትምህርት ቤት የማዕድናት ትንተና እንዲያስተምር ተሾመ። ከየአገሩ የሚመጡ ድንጋዮች በጠረጴዛው ላይ የተከማቹት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን የማዕድን ቀለም ብዙ የተገመተበት፣ ነገር ግን ጥቂት ብቻ የተረጋገጠበት ጉዳይ ነበር። ብረት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ፣ መዳብ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ ቀለም እንደሚሰጡ የመስተዋትና የሸክላ ሠራተኞች ከቆየ ልምድ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ባለቀለም ድንጋይ ሲገኝ ኬሚስቶች ከእነዚህ መካከል አንዱን ይፈልጉ ነበር፤ የፈለጉትንም አብዛኛውን ጊዜ ያገኙ ነበር፤ ምክንያቱም ከብረት ፈጽሞ የጸዳ ድንጋይ በተፈጥሮ ውስጥ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። የኤመራልድ አረንጓዴም በዚህ አኳኋን ለብረት ተሰጥቶ ነበር። በትንተና የተገኘው ብረት እውነተኛ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቀለሙ መንስኤ የተደረገው ዝላይ ግን ማስረጃ አልነበረውም። ዛሬም በድንጋይ ትንተና ውጤት ላይ ትልቁን ቁጥር ተመልክቶ ቀለሙን የሚያስረዳ ተማሪ በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃል።

ቮክላንን ወደ አዲሱ ንጥረ ነገር የመራው ኤመራልድ ሳይሆን ሌላ ክሪስታል ነው። በኡራል ተራሮች፣ በቤሬዞቭስክ የወርቅ ማዕድን ሥፍራ፣ ብርቱካናማ ቀይ የሆነ የእርሳስ ማዕድን ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ክሮኮይት ይባላል። በ1760ዎቹ ሌማን የተባለው የማዕድን ሊቅ ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው እየናረ ሄደ። ያን ቀይ ቀለም ከእርሳሱ ጋር ሆኖ የሚሰጠው ምን እንደሆነ ግን እንቆቅልሽ ነበር። ቮክላን ራሱ በ1789 ማካር ከተባለ ባልደረባው ጋር መርምሮት እርሳስ፣ ብረትና አሉሚና እንዳለበት አስታወቀ። በሞስኮ ያጠናው ሌላ ኬሚስት ደግሞ ሞሊብዲክ አሲድና በርካታ ብረታ ብረቶች አገኘሁበት አለ። ሁለቱ ውጤቶች ሊታረቁ አይችሉም ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1797፣ ቮክላን ወደዚያው ድንጋይ ተመለሰ። የተፈጨውን ማዕድን ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋር አፈላው። እርሳሱ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ወረደ፤ በላዩ የቀረው ፈሳሽ ግን ደማቅ ቢጫ ነበር። ይህን ፈሳሽ ከሜርኩሪ ጨው ጋር ሲቀላቅለው ቀይ፣ ከእርሳስ ጨው ጋር ሲቀላቅለው ቢጫ ዝቃጭ ሰጠው፤ የቆርቆሮ ክሎራይድ ሲጨምርበት ደግሞ አረንጓዴ ሆነ። ከሚታወቁት አሲዶች አንዱም ይህን ሁሉ አይሠራም። በቀጣዩ ዓመት እርሳሱን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አስወግዶ የቀረውን አደረቀ፤ ከዚያም ከከሰል በተሠራ ማቅለጫ ውስጥ አድርጎ በብርቱ እሳት አጋለው። ማቅለጫው ሲቀዘቅዝ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ግራጫ የብረት መርፌዎች አገኘ። ውህዶቹ ሁሉ በቀለም ያሸበረቁ በመሆናቸው ፉርክሯና የማዕድን ሊቁ ሬኔ ዡስት አዊ ቀለም ከሚለው የግሪክ ቃል ወስደው ክሮም ብለው እንዲሰየም ሐሳብ አቀረቡ፤ ስሙም ጸና።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የ1789ኙ ስሕተት ነው። ቮክላን የፊተኛውን ውጤት ያሳተመው በስሙ ነበር፤ ማንም እንዲያርመው አላስገደደውም። ድንጋዩን እንደ አዲስ ያነሣው ሁለት ትንተናዎች ሊስማሙ አለመቻላቸውን ከራሱ ውጤት ጀምሮ ስለተጠራጠረ ነው።

አዲሱን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚያሳዩ ምልክቶች በእጁ ከገቡ በኋላ ሌሎች ባለቀለም ድንጋዮችን በእነርሱ መፈተን ጀመረ። የፔሩ ኤመራልድ ተብሎ በሚታወቀው ድንጋይ ውስጥ ክሮሚየምን አገኘ፤ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ከድንጋዩ ተለይቶ ሲወጣ ያንኑ አረንጓዴ የሚሰጥ ኦክሳይድ ነበር። ስፒኔል በተባለው ቀይ ድንጋይ ውስጥም ክሮሚየም አለ ብሎ አስታወቀ። ክሪስታሉን ደቁሶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከለየ በኋላ ቀለሙን የያዘውን ክፍል በእጁ ማግኘት ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ኤመራልድ በብረት ነው አረንጓዴ የሚሆነው ያሉት ሰዎች ከድንጋዩ ባወጡት ብረት ያንን አረንጓዴ መልሰው አላሳዩም።

በዚሁ በ1798 መጀመሪያ የኤመራልድ ጉዳይ ሌላ ፈርጅ ያዘ። አዊ የክሪስታሎችን ገጽታዎችና በመካከላቸው ያሉትን ማዕዘናት በመለካት የታወቀ ሊቅ ነበር። ኤመራልድና ቤሪል በጂኦሜትሪ፣ በጥንካሬና በክብደታቸው መጠን አንድ መሆናቸውን አይቶ በኬሚስትሪም አንድ ይሆኑ እንደሆነ ቮክላን እንዲመረምር ጠየቀው። እስከዚያ ድረስ የተሠሩት ትንተናዎች፣ የቮክላን የራሱ ጭምር፣ በሁለቱ ድንጋዮች ውስጥ ሲሊካና አሉሚና ነው የሚያሳዩት። ቮክላን ቤሪሉን ከፖታሽ ጋር አቅልጦ ሲሊካውን ካስወገደ በኋላ አሉሚና ይባል በነበረው ዝቃጭ ላይ አተኮረ። ዝቃጩን በፖታሽ ፈሳሽ አሟምቶ ሲያፈላው አንዱ ክፍል ተመልሶ ወረደ፤ አሉሚና እንዲህ አያደርግም። የወረደው ክፍል ከፖታሽ ጋር ሆኖ የአልም ክሪስታል አልሠራም፤ በአሞኒየም ካርቦኔት ውስጥ ሟሟ፤ ጨዎቹም ይጣፍጡ ነበር። ከዚያ ወደ ኤመራልዱ ተመልሶ ያንኑ አዲስ ነገር አገኘበት። የዘመኑ የኬሚስትሪ መጽሔት አዘጋጆች ከጣዕሙ ተነሥተው ስኳርን የሚያስታውስ ስም አወጡለት፤ በኋላ ግን ቤሪሊየም የሚለው ስም አሸነፈ። ኬሚስቶች የሚያገኙትን ሁሉ በምላሳቸው በሚፈትኑበት በዚያ ዘመን የቤሪሊየም ጨው ጣፋጭነት እንደ መታወቂያ መቆጠሩ አያስገርምም፤ የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባን ክፉኛ እንደሚጎዳ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እንግዲህ አረንጓዴው ኤመራልድና ፈዘዝ ያለው ቤሪል አንድ ማዕድን ሆነው ተገኙ። ሁለቱን የሚለያያቸው ዋናው አካል ሳይሆን በጥቂቱ የገባው እንግዳ ነው። ኤመራልድ ክሮሚየም የገባበት ቤሪል ሲሆን ሰማያዊው አኳማሪን ብረት የገባበት ቤሪል ነው። የከበሩ ድንጋዮች በቀለማቸው በሚመደቡበት ዓለም ይህ ትንሽ ግኝት አልነበረም፤ ቀለም የማዕድኑ ማንነት መለያ መሆኑ ቀርቶ የአፈጣጠሩ አጋጣሚ ሆነ።

ቮክላን ግን አንድ ጥያቄ ገጠመው፤ ክሮሚየም ኤመራልድን አረንጓዴ ካደረገ ስፒኔልን ለምን ቀይ አደረገው? መልሱን ያገኘው ከራሱ የቤተ ሙከራ ልምድ ነው። በክሮኮይት ሥራው ክሮሚየም ሁለት መልክ እንዳለው አይቷል፤ አንዱ ብርቱካናማና ቀይ ውህዶችን የሚሰጠው ክሮሚክ አሲድ፣ ሁለተኛው አረንጓዴው ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ በኤመራልድ ውስጥ ያለው ኦክሳይዱ፣ በቀዩ ድንጋይ ውስጥ ያለው ደግሞ አሲዱ ነው ብሎ ደመደመ። ማብራሪያው ሁሉን ነገር በቦታው ያስቀመጠ፣ በዘመኑ ከነበረው ዕውቀትም ጋር የሚስማማ ነበር። ነገር ግን ትክክል አልነበረም።

በቀይ ስፒኔልም ሆነ በሩቢ ውስጥ ያለው ክሮሚየም በኤመራልድ ውስጥ ካለው የተለየ አይደለም። በሦስቱም ክሪስታሎች ውስጥ ሦስት ኤሌክትሮኖቹን ያጣው የክሮሚየም አዮን የአሉሚኒየምን ቦታ ይዞ በስድስት የኦክሲጅን አቶሞች ተከቦ ይቀመጣል። ልዩነቱ ያለው በአካባቢው ነው። በዙሪያው ያሉት ኦክሲጅኖች የክሮሚየሙን ቀሪ የውጭ ኤሌክትሮኖች የኃይል ደረጃ ይከፍሉታል፤ በተከፈሉት ደረጃዎች መካከል ያለው ርቀት ክሪስታሉ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ ይወስናል። በሩቢ ይህ ርቀት ወደ 2.2 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠጋል። በኤመራልድ ውስጥ ግን ኦክሲጅኖቹ ከሲሊከንና ከቤሪሊየም ጋርም ስለተያያዙ በክሮሚየሙ ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ይላላል፤ ርቀቱም ወደ 2.05 ይወርዳል። የዐሥራ አምስት መቶኛ ያህል ኤሌክትሮን ቮልት ልዩነት ለዓይን ከቀይ ወደ አረንጓዴ መሻገር ማለት ነው። ሩቢ ሐምራዊውንና ቢጫ አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ያሳልፋል፤ ኤመራልድ ደግሞ የመዋጫ ክልሎቹ ወደ ቀዩ አቅጣጫ ስለተሸጋገሩ አረንጓዴው ያልፍለታል። ከቮክላን ሞት በኋላ በኡራል የተገኘው አሌክሳንድራይት በሁለቱ መካከል ያለ ዋጋ ስላለው በቀን ብርሃን አረንጓዴ፣ በሻማ ብርሃን ቀይ ሆኖ ይታያል።

ይህን የሚያስረዳው የክሪስታል መስክ ንድፈ ሐሳብ የተጀመረው በሃንስ ቤተ ጥናት በ1929፣ ቮክላን ካረፈ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የኤሌክትሮን መኖር ባልታወቀበት፣ አቶም ራሱ ገና ግምት በነበረበት ጊዜ የሠራን ኬሚስት በዚህ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ያም ሆኖ አንድ ነገር አለ፤ ቮክላን አሲዱ በቀዩ ድንጋይ ውስጥ መኖሩን በቀጥታ አላሳየም፤ ከቀለሙ ተነሥቶ ነው የገመተው። ኤመራልድን ለብረት የሰጡት ሰዎች የሄዱበትን መንገድ እርሱም በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ተከትሏል። አዲሱን ንጥረ ነገር ያገኘበት ክሮኮይት ደግሞ ቀለሙ ከሁለቱም የተለየ መንስኤ አለው፤ በዚያ ውስጥ ያለው ክሮሚየም የውጭ ኤሌክትሮኖቹን ሁሉ ያጣ በመሆኑ ቀለሙ የሚመጣው ኤሌክትሮን ከኦክሲጅን ወደ ክሮሚየም ሲሸጋገር ብርሃን ስለሚዋጥ ነው።

የቮክላን ዘዴ፣ ማለትም ደቁሶ፣ ለይቶ፣ መዝኖ ቀለም ሰጪውን መፈለግ፣ የማይደርስባቸው ድንጋዮችም አሉ። በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው የኢትዮጵያ ኤመራልድ ለዚህ ዘዴ ይመቻል፤ በውስጡ ክሮሚየምና ብረት ይገኛሉ። የወሎ ደላንታ ኦፓል ግን ቢደቆስ ከሲሊካና ከውሃ በቀር ቀለሙን የሚያስረዳ ነገር አይገኝበትም። የኦፓሉ የቀለም ጨዋታ የሚመነጨው እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የሲሊካ ሉሎች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃንን ስለሚበታትኑት ነው፤ ድንጋዩ ሲፈጭ ድርድሩ ይፈርሳል፤ ቀለሙም አብሮ ይጠፋል።

ከ1798 በኋላ ያለው የቮክላን ሕይወት በሹመትና በሥራ የተሞላ ነው። በ1801 በኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር ሆነ፤ በ1803 የፓሪስ የመድኃኒት ትምህርት ቤት ዳይሬክተርነትን ያዘ፤ በ1804 ወደ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ። በ1806 ከሮቢኬ ጋር ከአስፓራገስ ተክል ያወጣው አስፓራጅን በታሪክ የመጀመሪያው ተለይቶ የወጣ አሚኖ አሲድ ነው። በስሙ የታተሙት ጥናቶች ከ370 ይበልጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ ዘላቂ የሆነው ግን ቤተ ሙከራው ነበር። ወጣቶች ገብተው በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ቤተ ሙከራ በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። ሼቭረል፣ ኦርፊላና ካድሚየምን ያገኘው ጀርመናዊው ስትሮማየር ከዚያ ወጥተዋል። ከመካከላቸው እንደ መምህሩ የገበሬ ልጅ የነበረው ቴናር ለትምህርቱ የሚከፍለው ስላልነበረው በአገልጋይነት የገባው በቤቱ የነበሩ ሴቶች አማልደውለት ነው። ይህ ወጣት በኋላ ከኮባልትና ከአሉሚና የሠራው ሰማያዊ ቀለም በስሙ ተጠርቷል፤ ሼቭረልም የጎብላን የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ስለ ቀለማት መነጻጸር ታላቅ ሥራ ጽፏል። ቀለምን የሚመለከት ጥያቄ ከዚያ ቤተ ሙከራ ወጥቶ በተለያየ አቅጣጫ መሄዱ በአጋጣሚ ብቻ አይመስልም።

ቮክላን አላገባም። የራሱ ቤት ሲኖረው ግን በወጣትነቱ ያስታመሙትን የፉርክሯን እኅቶች አምጥቶ አብሮ ይኖር ጀመር፤ እስኪሞቱም ድረስ ጧራቸው። ፉርክሯ በ1809 ሲሞት በሕክምና ፋኩልቲ የነበረው የኬሚስትሪ ወንበር ለቮክላን ተሰጠ። ወንበሩ የሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ ይጠይቅ ስለነበር በአውሮፓ የታወቀው ይህ ኬሚስት እንደ ተማሪ ቀርቦ ስለ አንጎል ኬሚካላዊ ትንተና የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ።

ወንበሩ እስከ መጨረሻው አልዘለቀለትም። በ1822 በፋኩልቲው በተነሣው ሁከት ምክንያት መንግሥት ተቋሙን ዘጋው፤ በቀጣዩ ዓመት ሲከፈት ከመምህራኑ በርካቶቹ፣ ከእነርሱም ጋር ቮክላን፣ ዕፀዋት አጥኚው ዡሲዩና የአእምሮ ሐኪሙ ፒኔል፣ ሳይመለሱ ቀሩ። በሽምግልናው ከሥራው በፖለቲካ መወገዱ እንደጎዳው ይነገራል። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት የትውልድ አካባቢው ሕዝብ የምክር ቤት እንደራሴ አድርጎ መርጦት ነበር። በ1828 ቮለር በጀርመን፣ ቡሲ በፈረንሳይ፣ እርሱ ከሠላሳ ዓመት በፊት በቤሪልና በኤመራልድ ውስጥ ካገኘው ኦክሳይድ ብረቱን ራሱን ለየብቻቸው ለይተው አወጡ። ቮክላን በኖቬምበር 1829 በተወለደባት በሳንት አንድሬ ዴቤርቶ በ66 ዓመቱ አረፈ።